ባለቤቱ የሚመለስበት ልብስ

ቡሬ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለፈሂማ ዑስማን
ጅዳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፣ ልጄ ፈሂማ። እንዴት ከርመሻል? ጤናሽ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ይይዝሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ብርዱ ዘንድሮ ጠንክሯል፤ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ እስኪፍታቱ መርፌ አይዙም።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ የጎረቤታችን ልጅ ሁስና ናት። ለዕረፍት መጥታ ከርማ አሁን ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። አንድ አደራ ሰጥቻታለሁ፣ እንዳትቀየሚያት። በሥራ ቀን፣ ብቻሽን ባለሽበት ደብዳቤውን እንዳትሰጥሽ ብያታለሁ። አርብ የአገር ልጆች ስትሰበሰቡ፣ እሷም አጠገብሽ ተቀምጣ ነው የምታነቢው። እንግዲህ ይህን ስታነቢ ሰው አጠገብሽ አለ ማለት ነው። ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት።

ባለፈው ስልኩ የሠራ ጊዜ የሙንዲርን የትከሻ ልክ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ ወንድምሽ ሲመለስ የሚለብሰው ደህና ጃኬት ልትገዢለት አስበሽ። መስመሩ መሀል ላይ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። አልረሳሁትም። ስደርስበት እመልስልሻለሁ።

ብቻዬን ምን እየሠራሁ እንደምውልም ጠይቀሽኝ ነበር። ገበያው እንደምታውቂው ገበያ አይደለም። አንድ ቀን ይቆማል፣ በማግስቱ ተኩስ ተሰማ ተብሎ ሁሉም ሸራውን ይጠቀልላል። በርበሬዬንና ኮረሪማዬን ይዤ ወጥቼ፣ ሳልሸጥ ይዤው የምገባበት ቀን ይበዛል። ከቤት ሥራውም ከገበያውም ተርፎ የእኔ የምለው ጊዜ ከዐስር ሶላት እስከ መግሪብ ያለው ነው። እሱን ለማንም አልሰጥም። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ የአባትሽን መቀስና የአዝራር ጣሳዬን አውጥቼ፣ ብርሃኑ እስኪሸሽ እሰፋለሁ።

ቤቱን ብታዪው አታውቂውም። የጓዳው መጋረጃ የማዳበሪያ ከረጢት ነው፤ አጥቤ፣ ፈትቼ፣ ዳርና ዳሩን በአሮጌ የመስኮት መጋረጃ ዘምዝሜዋለሁ። ከሁለት የጂንስ እግር ደግሞ ኪስ ኪስ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጫማ ማስቀመጫ ወጣልኝ። የተበላ ሹራብ ካገኘሁ እተረትረውና ክሩን በሙቅ ውሃ አርጥቤ አቀናዋለሁ፤ ከእሱ ለሕፃን የሚሆን ቆብ ይወጣል። ከዚህ ሁሉ የተረፈው ብጥስጣሽ ትራስ ውስጥ ይገባል። የገበያ ጓደኛዬ አቻምየለሽ ትስቅብኛለች። አንድ ቀን ደጃፌ ላይ ቆማ፣ "ሀጂራ፣ እኔ ብሞትም እኮ ምንጣፍ ታደርጊኛለሽ" አለችኝ።

"አንቺማ ክርሽ አርጅቷል፣ አትሆኚም" አልኳት።

"ለትራስ ሆድስ?"

"ለትራስ ሆድ ትሆኚ ይሆናል፤ አስብበታለሁ።"

እንዲህ እየተባባልን ነው ቀኑ የሚመሽልን። እሷ ባትኖር ይህን ዓመት እንዴት እዘልቀው እንደነበር አላውቅም።

እንዴት መስፋት እንደተማርኩ ታውቂዋለሽ፣ ግን አሁን ልድገምልሽ፤ ለኋላው ነገር ያስፈልጋል። አባትሽ፣ አላህ ይዘንላቸው፣ ሙያቸውን ለሴት የሚያስተምሩ ሰው አልነበሩም። እኔ ምሳቸውን ይዤ ሱቅ ስሄድ ማሽኑ ፊት ለፊት ባለችው በርጩማ ላይ እቀመጥና እጃቸውን አያለሁ። ከሥር የወደቀውን ቁርጥራጭ ለቅሜ ቤት እወስድና ያየሁትን እሞክራለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጬ ስለተማርኩት ነገሩ ሁሉ እንደ መስታወት ተገለበጠብኝ። እሳቸው ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄዱትን እኔ ከግራ ወደ ቀኝ ሄድኩ። እሳቸው ከውስጥ የሚደብቁት ቋጠሮ የእኔ ከውጭ በኩል ይቀራል። መጀመሪያ የሰፋሁትን ሲያዩ አገላብጠው ተመለከቱትና፣ "ሀጂራ፣ የሰው ስፌት ወደ ገበያ ይሄዳል፤ ያንቺ ከገበያ ወደ ቤቱ የሚመለስ ነው የሚመስለው" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ላስተካክለው ብዬም እጄ እምቢ አለ። እንዲህ የሚሰፋ ሌላ ሰው አላየሁም። አንቺም ስትማሪ ጎኔ ነው የተቀመጥሽው፣ ስፌትሽ ቀና ነው።

ደንቤንም ታውቂዋለሽ። ባለቤቱ የሚመለስበትን ልብስ መቀስ አላስነካም። አባትሽ ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ አቻምየለሽ በር ላይ የተሰቀለውን የተቀደደ ኮታቸውን አይታ ለምንጣፍ ይሆናል ብትለኝ ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ካለፉ በኋላም የባል ሐዘን ዒዳዬን እስክጨርስ አልነካሁትም። ስጨርስ ነው የቆረጥኩት። ወደ ዐረብ አገር እስክትሄጂ የተኛሽበት የአልጋ ልብስ መሀሉ እሱ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ።

ቡሬ አሁን ልዋጭ ይመጣል። ወንዳወቅ የሚባል ልጅ ነው፣ የማንኩሳ ሰው። ባልዲና ጆግ ተሸክሞ በእግሩ በየከተማው እየዞረ በአሮጌ ልብስ ይለውጣል፣ የለወጠውን ደግሞ ቅዳሜ እዚህ ገበያ ዘርግቶ ይሸጣል። ማንም የማይገዛውን ለእኔ ለብቻ ያስቀምጥልኛል። ኅዳር ላይ አንድ ቅዳሜ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ጠራኝ።

"እትዬ ሀጂራ፣ ይምጡ። ዛሬ ለእርስዎ የሚሆን ሞልቷል። የማይለበስ፣ የማይሸጥ፣ የማይጣል።"

"እሱን ነው የምፈልገው" አልኩት።

"እርስዎ ባይኖሩ እኮ ቡሬ በቡትቶ ትሰምጥ ነበር።"

ቁጭ ብዬ ክምሩን አገላብጥ ጀመር። አንድ ሸሚዝ ለአዝራሩ ብዬ ወደ ጎን አደረግሁ። ከሥሩ ሰማያዊ ወፍራም ጃኬት፣ ግራጫ ገበር ያለው። እንዲህ ያለ ጃኬት የለበሰ ልጅ ብዙ ነው። እኔም ጨርቁ ጥሩ ነው፣ ስንት ነገር ይወጣዋል እያልኩ ነው ያነሳሁት። ከዚያ የቀኝ ኪሱን አየሁ።

ሙንዲር በግንቦት ከሹፌሩ ከይሄይስ ጋር አይሱዙው ላይ በቆሎ ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ የወጡ ዕለት ኪሱን የጆንያ መጎተቻ መንጠቆ ቀዶበት ነበር። መኪናው ደጅ ላይ እየጠበቀ፣ ጃኬቱን ሳያወልቅ እላዩ ላይ ሰፋሁለት። እጁን ከኪሱ አላወጣም፣ ያቻኩለኛል። "እማ፣ ኪሱን ስትሰፊ እጄንም አብረሽ እንዳትሰፊው" አለኝ። በእጄ የነበረው አረንጓዴ ክር ብቻ ነው።

አረንጓዴ ክር ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቋጠሮው ከውጭ ነው።

ወንዳወቅ አንድ ነገር ይለኛል፣ አልሰማውም። "እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?" እያለ ክንዴን ሲይዘኝ ነው የሰማሁት።

"ይህን ከየት ለወጥከው?"

"የቱን? እሱን? ደምበጫ ነው። ወደ ፈረስ ቤት በሚያስኬደው መንገድ፣ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ አረንጓዴ በር ያለው ቤት አለ። አንዲት ሴትዮ ናት። ቢጫ ባልዲ ሰጠኋት።" ጃኬቱንና ፊቴን እያየም፣ "ምነው፣ ያውቁታል?" አለኝ።

"ስፌቱን አውቀዋለሁ" አልኩት። ጃኬቱን በፌስታል አድርጎ እጄ ላይ አኖረልኝ።

መንገዱ የተከፈተው ታኅሣሥ ላይ ነው። እስከዚያ ጃኬቱን ሙንዲር ይሰቅለው የነበረበት ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሰው ብዙ ነገር ያስባል፣ ልጄ። ሸጦት ይሆናል አልኩ። ሞቆት የሆነ ቤት ረስቶት፣ ለብርድ የተጋለጠ ጓደኛ አግኝቶ አውልቆ ሰጥቶት፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይደል? እያንዳንዱን ሐሳብ እንደ ቁርጥራጭ አነሳዋለሁ፣ ከጃኬቱ ጋር አስተያየዋለሁ፣ አልገጥም ሲለኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ስልክ ስንነጋገር ይህን ያልነገርኩሽ የማውቀው ነገር ስላልነበረኝ ነው።

መኪና መሄድ ጀመረ ሲባል አቻምየለሽ ጠዋት ነጠላዋን ደርባ መጣች።

"ብቻሽን አትሄጂም" አለችኝ።

"ገበያሽስ?"

"ሽንኩርቴ እስክመለስ አይበሰብስም። ከበሰበሰም ይበስብስ።"

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ መኪና ቀየርን። እሷ በየቤተ ክርስቲያኑ አንጻር ስናልፍ ታማትባለች፣ እኔ በልቤ ዱዓ አደርጋለሁ። ደምበጫ ወርደን ወፍጮ ቤቱን ጠየቅን። ማዶው በሩ አረንጓዴ ነው፤ ደጁ ላይ አንዲት ሴት ቢጫ ባልዲ ይዛ ልብስ ታጥባለች።

"እንዴት ዋላችሁ" አለችን፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች።

ሰላምታ ሰጠናትና ጃኬቱን ከፌስታሉ አወጣሁት። "ይህን ያውቁታል ወይ?" አልኳት።

ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ባልዲው ውስጥ የነበረውን ውሃ ቀስ አድርጋ ደፋችና ባልዲውን ገልብጣ ከኋላዋ አደረገችው። እንዳላየው ነው መሰለኝ።

"እናቱ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ይግቡ፣ እናቴ" አለችኝ። "ይግቡ፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ።"

ስሟ ምሥራቅ ነው። እስላም መሆኔን ከአለባበሴ አይታ፣ ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ከጎረቤት ተውሳ ድንች ቀቀለችልን። ድንቹ እስኪበስል ስለ መንገድ፣ ስለ ቡሬ ገበያ፣ ስለ ብርዱ ጠየቀችን። ስለ ጃኬቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ትንሿን ልጇን ወደ ውጭ ስትልክ፣ "አባትሽን ጥሪ። እነ አደይንም፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጥሪ" ስትላት ግን ሰማኋት።

ድንቹን ጨው እየነካሁ በላሁ። አንድ ሁለት እያሉ ሰዎች ይገቡ ጀመር። ሽማግሌዎች መጡ፣ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በየመደቡ ላይ ይቀመጣሉ። አቻምየለሽን ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷ ቀድማኝ ገብቷት ኖሮ እጄን ይዛኛለች። ማንም አፉን ሳይከፍት፣ ሰው ሲሰበሰብ ገባኝ።

ከዚያ ነገሩኝ።

የነገሩኝን በዚህ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም፣ ፈሂማዬ። በሰው እጅ የሚላክ ነገር አይደለም፤ ፊት ለፊት ስንቀመጥ አንድም ሳላስቀር እነግርሻለሁ። ይህን ብቻ ዕወቂ። ብቻውን አልነበረም። ውሃ ጠየቀ፣ ውሃ ሰጡት። የምሥራቅ ባል ባምላኩ አንገቱ ላይ ማተብ እንደሌለ አይቶ የእኛ ወገን መሆኑን ዐወቀ። ከዚያ ከከተማው አንድ ሙስሊም ነጋዴ አስጠርቶ እንዴት እንደሚደረግ፣ ፊቱ በየት በኩል እንደሚዞር ጠየቀ፤ እንደተባለውም አደረገ። ቦታው የራሱ ማሳ ዳር፣ ብሳና ዛፍ ሥር ነው። ወስዶ አሳየኝ። ጤፉ ታጭዶ አልቋል። በዚያች ጥግ ግን ባምላኩ ክረምቱን ሙሉ ማረሻ አላስገባባትም፣ ሣር ነው ያለባት።

ምሥራቅ ስታለቅስ የነበረው ስለ ባልዲው ነው። "አጥቤ ሰቀልኩት፣ እናቴ። ዘመድ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ሰው የቆመ እየመሰለኝ አላስቀምጥ አለኝ። በባልዲ ለወጥኩት። የሰው ልጅ ልብስ፣ በባልዲ።"

"ባትለውጪው ኖሮ እኔ ዘንድ አይደርስም ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። እሷ ግን አልተጽናናችም። ስንወጣ ባልዲው እንደተገለበጠ ነበር።

ቡሬ ተመልሰን ከገባን በኋላ ጃኬቱን መልሼ ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት። በዐስር ሰዓቴ እቀመጣለሁ፣ ጣሳዬን እከፍታለሁ፣ ክር አስገባለሁ፣ ሳልሰፋ ይመሻል። አቻምየለሽ ትመጣለች፤ አትቀልድም፣ ሽንኩርት እየላጠች አጠገቤ ትቀመጣለች። አብሮት የቀረው የይሄይስ ቤትም ሄጄ ለሚስቱ በወጉ ሰው ይዤ ተቀምጫለሁ። መስጂድ ላይም የሚደረገው ተደርጓል። ሸኹ፣ "ሀጂራ፣ ልብሱን ሰደቃ አድርጊው፣ እሱን ነው የሚጠቅመው" አሉኝ። ዐውቃለሁ፤ ሲሉኝም ዐውቀው ነበር። እጄ ነው እምቢ ያለው።

ሐሙስ ዕለት ከዐስር በኋላ አወረድኩት። አባትሽ ደንበኛ ሲለኩ እንደሚያደርጉት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ዘርግቼ ትከሻውን ለካሁ። እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር፤ በእኔ ዓይን ገና ልጅ ነው። ክሩን ጠቅልዬ አዝራር ጣሳው ውስጥ አኖርኩት። ከዚያ የአባትሽን ትልቁን መቀስ አነሳሁና ቆረጥኩት።

ወፍራሙ ስፌት ላይ መቀሱ እምቢ አለ፤ ከሞረደው ሰው ጋር ስለቱም ሄዷል። በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የጨረስኩት። ከላዩ ለምሥራቅ ትንሽ ልጅ ኮት ወጣው፤ ደምበጫ ብርድ ነው። አዝራሮቹን ከጣሳዬ ነው የመረጥኩት፣ አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም፤ ልጅ ስለሆነች ትወደዋለች ብዬ ነው። ወንዳወቅ ያደርስልኛል። "ለዚህ ባልዲ አልጠይቅዎትም" ብሎኝ ሊስቅ ሞከረና ተወው።

ከገበሩና ከቀኝ ኪሱ ደግሞ ለአንቺ የቁርዓን ማኖሪያ ከረጢት ሠራሁ። ሁስና ይዛልሻለች። ኪሱን እንዳለ ነው የተውኩት፤ አረንጓዴውን ክር አልፈታሁትም፣ ቋጠሮውንም ወደ ውስጥ አልመለስኩትም። በሙቅ ውሃ እንዳታጥቢው፣ ገበሩ ይሰበሰባል። ሲከፋሽ እጅሽን አስገቢበት። ለእሱ እጅ የተሰፋ ስለሆነ ላንቺ ይሰፋሻል፣ ግን አስገቢበት።

የአንቺ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሳጥኑ ውስጥ ነው። እጅጌው ላይ ቀለም የፈሰሰበት አለ፣ ደረቱ አንድ አዝራር ይጎድለዋል፤ ብዙ ነገር ይወጣው ነበር። አንድም ቀን መቀስ አላስነካሁትም።

የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ጃኬት አትግዢ፣ ልጄ።

አሁን ሁስና አጠገብሽ ናት። እጇን ያዢ፣ አትፈሪ፣ አልቅሺ። ሥራሽን ጥለሽ ልምጣ እንዳትይ፤ መንገዱ ገና መንገድ አልሆነም፣ አንቺንም በዚህ መንገድ መጠበቅ አልችልም። ረመዳን ቀርቧል፤ ስታፈጥሪ በዱዓሽ አስቢው፣ አባትሽንም፣ ውሃ ያጠጡትንም ሰዎች። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ይስጥሽ። ከክፉ ዓይንና ከክፉ መንገድ ይጠብቅሽ፣ እጅሽን የሠራ፣ እግርሽን የቀና ያድርገው። በሄድሽበት በር በሰላም ያግባሽ፤ እኔም በዚያው በር ቆሜ እንድቀበልሽ ዕድሜ ይስጠኝ።

እናትሽ
ሀጂራ